ከኦሳካ የመጡ ሽማግሌዎች

አርችዌይ፣ ለንደን
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ራኬብ፣

በአርችዌይ ቁልቁለት ከሚወርዱት አውቶቡሶች ቁጥር የበዛ ሰላምታዬ ኦሳካ ድረስ ይምጣልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ ሐኪሙ «ደረጃ ቀንስ» ብሎኝ ነበር፣ የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ መሆኑን ስነግረው ክኒን ጻፈልኝ። አክስትሽ ሮማንወርቅ ደህና ናት። እሁድ እሁድ በቸርቿ ስለ እኔ እንደምትጸልይ ነግራኛለች፤ ምን ብላ እንደምትጸልይ ግን አልነገረችኝም።

«አባዬ፣ ተቀምጠህ አንብበው» ብለሽ ነበር። ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ከዚያ ተቀመጥኩ። የደብዳቤሽን ፎቶ በስልክ ከላክሽልኝ በኋላ ወረቀቱ በፖስታ እስኪደርስ የምጠብቅ ትዕግሥተኛ ሰው አለመሆኔን ታውቂያለሽ። ደውዬ ልጮህብሽ አስቤ ነበር። ግን የቤታችን ሕግ ነው፤ ቁም ነገር በእጅ ይጻፋል። በስልክ ስታወሪ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ ስትጽፊ ግን ነፍሷን ይማረውና እናትሽን ትመስያለሽ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። ሹንጂ የሚባለውን ልጅ አላውቀውም፤ ስለዚህ አልጠላውም። ጃፓናዊ መሆኑም አያስከፋኝም። ጊታር በመጫወቱ ደግሞ በምን አፌ እወቅሰዋለሁ? እኔስ እናትሽን ያገኘኋት አዲስ አበባ በሆቴል ባንድ ጊታር ስጫወት አይደል? ያልገባኝ ብሉዝ መጫወቱ ነው። ጃፓን ጊታር ትሥራ፣ ትሽጥ፤ ብሉዝ ግን ሆድ የባሰው ሰው ሙዚቃ ነው። ባቡሩ በሰዓቱ የሚመጣለት ሕዝብ ምን ሆንኩ ብሎ ያለቅሳል?

ይህን ስል ግማሹን እየቀለድኩ ነው። ያላንቺ ልጅ የለኝም። አንድ ዓመት አስተምሬ እመለሳለሁ ብለሽ ሄደሽ ይኸው እዚያው ቀረሽ፤ አሁን ደግሞ «ማግባት እፈልጋለሁ፣ ምን ትላለህ?» አልሽኝ።

መልሴ አጭር ነው። ልጄ ከመንገድ የተገኘች አይደለችም። ሰውየው እንደ ወጉ ሽማግሌ ይላክ። ሽማግሌዎቹ አርችዌይ መጥተው፣ በሬ ላይ ቆመው ይጠይቁኝ፤ ያኔ እመልሳለሁ። እስከዚያ የሠርግ ወሬ አልሰማም።

አባትሽ መርዕድ

እንደገና፦ ባንዱ ውስጥ ስንት ጊታር ነው ያለው? አንድ ብቻ ከሆነ ንገሪኝ።


ኦሳካ
የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ሁለቱንም ጉልበቶችህን ስሜያለሁ፤ ያመመህን አስበልጬ።

አዎ፣ አንድ ጊታር ብቻ ነው፤ ሹንጂ ይጫወተዋል። ሌላው ቤዝና ድራም ነው። ከፊት ሆነው የሚዘፍኑትና ሃርሞኒካ የሚነፉት ኦኪታ ሳን ናቸው፤ «ሳን» እንደ እኛ «አቶ» ማለት ነው። ኦኪታ ሳን ሰባን አልፈዋል። ትልቅ ብረት ምጣድ ላይ ጎመን በእንቁላል እየጠበሱ የሚሸጡባት ጠባብ ቤት አለቻቸው። ሰኞ ቤቱ ስለሚዘጋ ወንበሮቹ ይነሱና ባንዱ ይለማመዳል። እኔም የተዋወቅኳቸው እንደዚያ ነው፤ ዝግ መሆኑን ሳላውቅ ምሳ ልበላ ገብቼ፣ ምሳው ቀርቶ ዘፈን ቀረበልኝ።

ስለ ባቡሩ የጻፍከውን ለኦኪታ ሳን ተረጎምኩላቸው። ምጣዱን ፍቀው ከጨረሱ በኋላ «ባቡሩ በሰዓቱ ይመጣል። የምትጠብቃት ሴት ግን አትወርድም» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ባቡሩ ከዘገየ እኮ ተስፋ አለ» ብለው ጨመሩበት። አባዬ፣ ይህን አንተ ብትለው ዓመት ሙሉ ትኮራበት ነበር።

«ከየት ተማሩት?» ብትለኝ፣ ከሸክላ ነው። እሳቸው ወጣት ሳሉ እዚህና ኪዮቶ የነበሩ ልጆች የአሜሪካ ጥቁሮችን ሸክላ እየፈለጉ ይሰሙ ነበር። አንዱ ሲገዛ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል። መጀመሪያ በማያውቁት እንግሊዝኛ ነበር የሚዘፍኑት። ከዚያ አንዳንዶቹ በኦሳካ አነጋገር፣ ዓሣ ሻጭ ገበያ ላይ እንደሚጮኸው አድርገው ዘፈኑት። ኦኪታ ሳን እንደሚሉት ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ እንባውን ጠረገ። ከእነዚያ ባንዶች የወጡ ሰዎች ኋላ ታዋቂ ዘፋኞችን ማጀብ፣ ዘፈን መሥራት ጀመሩ። አሁን ሹንጂን ይዞ ገበያ መውጣት አይቻልም። ሱፐርማርኬቱ ውስጥ የፍቅር ዘፈን ሲከፈት ሽንኩርቱን እንደያዘ ይቆምና «ስሚ፣ ይቺ ጊታር እኮ ከእኛ ሰፈር የወጣች ናት» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሰልፍ ልያዝ እሄዳለሁ።

ስለ ሽማግሌው ለሹንጂ ነገርኩት። አልሳቀም። ኦኪታ ሳንም አልሳቁም፤ በእነሱም አገር ድሮ አማላጅ ይላክ ነበር። «ማን ማን ይሂድ?» ብቻ ነው ያሉኝ። አባዬ፣ የማይሆን ነገር መስሎህ ጠይቀህ ከሆነ አዝናለሁ። ባንዱ በግንቦት እንግሊዝ አገር ይዞራል። የመጨረሻ ዝግጅታቸው እዚያው ለንደን፣ ኪልበርን ነው።

ልጅህ ራኬብ


አርችዌይ
መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ራኪዬ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ብዙ ነው፤ ዛሬ ግን ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

አዎ፣ ልክ ነሽ፣ የማይሆን መስሎኝ ነው። ከኦሳካ አርችዌይ ማን ሽማግሌ ይልካል? ቢያንስ አንድ ሁለት ዓመት አተርፋለሁ ብዬ ነበር። ለሮማንወርቅ ስነግራት «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» ብላ ሆዷን እስኪያማት ሳቀችብኝ።

«የጊታሩን ቁጥር ለምን ፈለግከው?» ትዪኝ ይሆናል። ልንገርሽ። በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊው ምክንያት ሆቴሉ በላያችን ይዘጋና ከእንግዶቹ ጋር እስኪነጋ እንጫወት ነበር። አንድ ጃፓናዊ የመንገድ መሐንዲስ ሁልጊዜ ከፊታችን ይቀመጣል። እንግሊዝኛው እንደ እኔ ስለነበር በደንብ ተግባባን። አገሩ ሲመለስ አንድ ካሴት ሰጠኝ። ላዩ ላይ የተጻፈው በእነሱ ፊደል ነው፤ ማን እንደሚጫወት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ትንሽ መጠጥ ቤት ውስጥ የተቀዳ ነው፤ ብርጭቆ ሲንኳኳ ይሰማል። ጊታሩ አንድ ብቻ ነው። መጨረሻው ላይ ጊታሩ አንዲት ዜማ ይጀምራል፤ ክሩን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይገፋውና ድምፁ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሳይደርስ መንገድ ላይ ያለቅሳል። ልክ እዚያ ላይ ካሴቱ ያልቃል። ዜማዋ እንዴት እንደምትጨርስ ሰምቼ አላውቅም።

ያቺን ግማሽ ዜማ ያዝኳት። የእኛ ትዝታም የእነሱ ብሉዝም በአምስት ድምፅ ነው የሚያዜመው፤ ስለዚህ ብዙ አላስቸገረችኝም። የባንዳችን የሙሽራ ዘፈን መግቢያ አደረግኳት። ሌሎች ባንዶች ከእኛ ሰሙ፣ ኪቦርድ ተጫዋቾች ከእነሱ ሰሙ። ዛሬ እዚህ ለንደን በሐበሻ ሠርግ ሙሽሮቹ ሲገቡ በኪቦርድ የምትመጣው፣ አንቺ በሕፃንነትሽ ነጠላሽን እየጎተትሽ የጨፈርሽባት፣ እሷ ናት። ካሴቱ ስሰደድ ሱዳን ቀርቷል። ዜማዋ ግን ጣቴ ላይ አለች።

እንግዲህ ጃፓን ብሉዝ እንደምታውቅ አሳምሬ አውቃለሁ። ያሾፍኩት ፈርቼ ነው። ጃፓን ድሮ ጣቴን ወሰደች፤ አሁን ልጄን ልትወስድ ነው ብዬ ፈራሁ። ይኸው ተናገርኩት፤ ቀለለኝ።

ይምጡ። ወጉን ሮማንወርቅ ታስረዳሽ። እኔ የልጅቱ አባት ነኝ፤ እንዴት እንደምጠየቅ ማስተማር አይገባኝም።

አባትሽ


ኦሳካ
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣ እንዴት ነህልኝ?

አይ፣ እኔ አልመጣም። ትምህርት ቤቱ አሁን ፈቃድ አይሰጠኝም፤ እትዬ ሮማንም «ልጅቱ በዚያ ቀን ምን ትሠራለች?» ብላኛለች። ሹንጂም ቤትህ አይገባም፤ አርችዌይ ጣቢያ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። የጊታር ሣጥን ተሸክሞ ወዲያ ወዲህ የሚል ጃፓናዊ ካየህ፣ አላየህም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ኦኪታ ሳን፣ ድራመሩና ቤዚስቱ። ሰኞ ሰኞ ከልምምድ በፊት እያሠለጠንኳቸው ነበር። እትዬ ሮማን በስልክ ያስጠናችኝን በሙሉ አስተማርኳቸው፤ በር ላይ እንዲቆሙ፣ «ተቀመጡ» ሲባሉ እንዳይቀመጡ፣ ጉዳያቸው ሳይሰማ ውኃ እንኳ እንዳይቀምሱ። «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡልን» የምትለዋን በአማርኛ ይዘዋታል። «ል» አይወጣላቸውም፤ «ሪጅዎን» ቢሉህ እባክህ እንዳትስቅ። ድራመሩ ይህችን ዓረፍተ ነገር እየተለማመደ ምጣዱን በማንኪያ ሲመታ ዘፈን ሊያደርጋት ደርሶ ነበር።

ቤዚስቱ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ባለፈው ሰኞ ግን እጁን አወጣ። «እሺ ካሉን በኋላ ምን ይሆናል?» አለ። እልል ይባላል፣ ከዚያ ይበላል አልኩት። «እምቢ ካሉንስ?» አለ። ስለ እሱ እትዬ ሮማን የነገረችኝ ነገር የለም፤ እኔም መጠየቁ ከበደኝ። «እምቢ አይልም» ብዬው ተቀመጥኩ።

አባዬ፣ ምን እንደምትመልስ አልጠይቅህም። ሹንጂን እወደዋለሁ። አንተ ያልመረቅከው ሠርግ ግን አልሠርግም። ይህን ለእሱም ነግሬዋለሁ፤ «እኔም አልፈልግም» ብሎኛል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ያለው በአንተ በር ላይ ነው።

ራኬብ


አርችዌይ
ቅዳሜ፣ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ራኪዬ፣ እልል በይ!

«እንዴት ሆነ? እንዴት ሆነ?» እያልሽ ስልኬን አታድክሚው። ቁም ነገር በእጅ ይጻፋል ብያለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

መጡ። ሦስቱም ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ በሰዓቱ፣ እንደ ባቡራቸው። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጥተው ኦኪታ ሳን ትንፋሽ እንኳ አላጠራቸውም፤ ሃርሞኒካው ሳይሆን አይቀርም። ጫማቸውን ኮሪደሩ ላይ አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ። «ተቀመጡ» አልኩ። አልተቀመጡም። «ውኃ ላምጣ?» አልኩ። እጃቸውን አወዛወዙ። ከዚያ ኦኪታ ሳን ያቺን ነገር በአማርኛ ሲሏት፣ ልጄ፣ አልሳቅኩም። እንባዬ ነው የመጣው። በዚህ ዕድሜያቸው ለእኔ ብለው ያንን ሁሉ ቃል መያዛቸው!

እኔም የአባቴን ልጅነት አሳየሁ። ግንባሬን ቋጥሬ «ልጄ ገና ልጅ ናት፤ ለአቅመ ሔዋን አልደረሰችም» አልኳቸው። ሠላሳ አንድ ዓመትሽ መሆኑን ረስቼ አይደለም፤ እንዲያ ነው የሚባለው። «ዘመድ አዝማድ ይሰብሰብ፣ እንመካከርበትና ሌላ ጊዜ ትመለሳላችሁ» አልኩ። እንዳይሳሳቱ ብዬ በእንግሊዝኛም ደገምኩላቸው። መቼም በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ ልጁን ሊገላገላት የቸኮለ ይመስላል። የእኛ ሽማግሌ ቢሆን እንኳ «እሺ ሳንባል አንሄድም» ብሎ ትንሽ ይከራከራል። እነሱ ግን እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው! አንድ ቃል አልተከራከሩኝም። ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፣ ደግመው ነሱ፣ ጫማቸውን አድርገው ሄዱ።

ሮማንወርቅ ዶሮ ወጡን ከነድስቱ መኝታ ቤቴ ደብቃው ነበር፤ ሳይፈቀድ አይበላማ። ሽታው በበሩ ሥር እየወጣ ድራመሩን አሠቃየው። ግድ የለም፣ ሲመለሱ ይበላል። እኔ በልቤ እሺ ብያለሁ። አላየሁትም እንጂ፣ ጣቢያው ጋ የቆመው ልጅ ቁመቱ ሎጋ ነው፣ ጫማውም ንጹሕ ነው።

ነገ ወይ ሰኞ የሚመለሱ ይመስለኛል። አዲስ ሸሚዝ ገዝቻለሁ።

ደስ ያለው አባትሽ


ኦሳካ
እሁድ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣ ምን አደረግክ!

አይመለሱም። እዚህ አገር አንዴ «እናስብበት» የተባለ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። ፊት ለፊት እምቢ ማለት ስለሚከብድ እንዲያ ይባላል፤ ጨዋ ሰው ገብቶት አመስግኖ ይወጣል። ጨዋ ናቸው ያልከኝ ለዚህ ነው። የበሰለ ምግብ እየሸተተ ውኃ ብቻ መቅረቡን ጭምር ቆጥረውታል። ኦኪታ ሳን ደውለው ይቅርታ ጠየቁኝ፣ እኔን! «አነጋገሬ አልሆነ ይሆናል» አሉ።

ደብዳቤህን ሳነብ ተፈናጥሬ ተነሥቼ ደወልኩላቸው። ወጉ እኮ ነው፣ የመጀመሪያው መልስ ሁሌም እንደዚያ ነው፣ ተመለሱ አልኳቸው። ኦኪታ ሳን በጥሞና ሰሙኝ፤ «አሃ፣ የመጀመሪያው መልስ እምቢ ነው» ብለው ደገሙት። ግን አላመኑኝም። የአባቴን ስም ልጠብቅ፣ እሳቸውንም ላጽናና ብዬ የፈጠርኩት ነው የመሰላቸው። «አባትሽን ዳግም አናስቸግርም» አሉኝ።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ለንደን ያደግኩ ሰው ሽማግሌ ሲላክ የት አይቼ አውቃለሁ? ወጉን ግማሹን ነው ያስተማርኳቸው። ዛሬ ከሰዓት ኪልበርን ይጫወታሉ፤ ነገ ጠዋት ይበርራሉ። አባዬ፣ እባክህ አንድ ነገር አድርግ። ምን እንደሆነ አላውቅም።

ራኬብ


አርችዌይ
ሰኞ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሽማግሌዎች አሠልጣኝ ለልጄ ራኬብ፣

ከትናንት ጀምሮ ስንቴ እንደደወልሽ ስልኬ ነግሮኛል። አላነሳሁትም። መጀመሪያ ይጻፋል፣ ቀጥሎ ይወራል። አሁን እየሳቅኩ ነው የምጽፈው፤ የእጅ ጽሕፈቴ ቢበላሽ ለዚያ ነው።

ትናንት ጠዋት ደብዳቤሽን በፒጃማ ሆኜ አነበብኩትና ሮማንወርቅ ጋ ደወልኩ። «እምቢ የሚባለውን ለምን አልነገርሻትም?» ብዬ ጮህኩባት። «ይሄ ይነገራል እንዴ? ሁሉም ሰው ያውቀዋል!» ብላ መልሳ ጮኸችብኝ። ምን ይደረግ? የልጅቱ አባት በሽማግሌ ኋላ ሮጦ «ኧረ ልጄን ውሰዱልኝ» ሲል ተሰምቶ ያውቃል? አያቴ ከመቃብር ይነሣል። እንዳልተወው ደግሞ አንቺ አለሽ። እንዲህ ስጨነቅ ሮማንወርቅ «ታዲያ አንተም ሽማግሌ ላክባቸዋ!» አለችኝ። ልጄ፣ ይህችን ሴት ሁላችንም ስናሾፍባት ኖርን እንጂ አእምሮዋ ስለታም ነው።

ጥላዬን ታውቂዋለሽ፣ የባንዳችን ድራመር የነበረው፣ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር በርበሬ የሚሸጠው። ሱቁን አዘግቼ አመጣሁት። ከሮማንወርቅ ቸርች ደግሞ ሽማግሌው አቶ እንግዳወርቅ ተጨመሩ። ሁለቱም ነጭ ጋቢ ደረቡ። እኔ ላኪው ስለሆንኩ አብሬ መቆም አይገባኝም፤ ባንዱ በሚጫወትበት የኪልበርን መጠጥ ቤት ውስጥ በስተኋላ ምሰሶ ተከልዬ ቆምኩ። ሮማንወርቅ «ፐብ አልገባም» ብላ ድስቱን ጭኗ ላይ አድርጋ መኪና ውስጥ ቀረች።

ባንዱ እየተጫወተ ነበር። ራኪ፣ እንዴት ያለ ብሉዝ ነው! ያ ልጅ ጊታሩን ሲያስለቅሰው እኔ ነኝ ያስለቀስኩት ብዬ አፈርኩ። ሽማግሌዎቼ ግን ቀጥ ብለው ሄደው መድረኩ ፊት ቆሙ። አሳላፊዋ ወንበር አመጣች፤ አልተቀመጡም። «ምን ይምጣላችሁ?» አለች፤ ጥላዬ፣ ያ ቢራ ወዳድ ጥላዬ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ ውኃ አንቀምስም» አላት። ለተቃውሞ የወጡ መስሏት ሄደች። ዘፈኑ ሲያልቅ ጥላዬ ጉሮሮውን ጠርጎ በእንግሊዝኛ ተናገረ፤ ሹንጂ ተረጎመ። «ከአቶ መርዕድ ተልከን ነው። ሽማግሌዎቻችሁ ተመልሰው እንዲጠይቁት ልንለምን መጣን» አለ። ኦኪታ ሳን ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ አሰቡና፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «እንመካከርበት። ሌላ ጊዜ ተመለሱ» አሉ።

ምሰሶውን ይዤ ቀረሁ። አለቀ፣ ልጄን በወግ ገደልኳት አልኩ። ለካስ ሰውየው አንቺ ያልሻቸውን ይዘው ኖሯል! ጋቢ የደረቡ ሰዎች ሲመጡ የነገርሽው ሁሉ እውነት መሆኑ ገባቸው፤ የመጀመሪያው መልስ እምቢ ነው ካልሽ ደግሞ እሳቸው ማን ናቸውና ወጋችንን የሚያፈርሱት? በትልቅ አክብሮት እምቢ ብለው ለእረፍት ወረዱ። ይህን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው።

ጥላዬ መጥቶ «እምቢ አሉን» አለኝ። ፊቴን ሲያይ ሳቀና «መርዕድ፣ ሌላ ጊዜ ነው ያሉት። ከእረፍት በኋላም እኮ ሌላ ጊዜ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ምሰሶም ወግም አልያዘኝም። ሄጄ ሹንጂ ፊት ቆምኩ። በዓይን ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው። ሊያጎነብስ ሲል ጊታሩን አመለከትኩት፤ በሁለት እጁ ሰጠኝ። መድረኩ ላይ ወጥቼ ያቺን ዜማ ጀመርኳት፤ ክሩን ቀስ ብዬ እየገፋሁ፣ ካሴቱ የሚያልቅበት ድረስ። እዚያ ቆምኩ፤ ከዚያ በላይ አላውቃትማ።

ኦኪታ ሳን ውኃቸውን አስቀመጡ። ከኪሳቸው ሃርሞኒካቸውን አውጥተው ካቆምኩበት ቀጠሏት። ጨረሷት፣ ራኪ! ያን ሁሉ ዘመን የት እንደምትደርስ ሳላውቅ የኖርኩትን ዜማ ኪልበርን ላይ ጨረሱልኝ። ወደ ላይ ትወጣለች ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ ወደ ቤቷ ነው የምትመለሰው። «የማን ናት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «በሰፈራችን ሁሉም ይጫወታት ነበር። ማን እንደጀመራት አይታወቅም» አሉኝ። እኔም በየሠርጋችን ግማሿ እንደምትጨፈር ነገርኳቸው። ሹንጂ ሲተረጉመው ቤዚስቱ፣ ያ ዝምተኛው፣ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ከዚያ ኦኪታ ሳን ሌሎቹን ጠርተው ጎን ለጎን አቆሟቸው። ማይክሮፎኑ እንደተከፈተ፣ በኪልበርን ሰው ሁሉ ፊት፣ «ሪጅዎን ረሪጃችን ይስጡርን» አሉ። ይህ ሁለተኛው ጊዜ ነበር። እኔም «እሺ፣ ሰጥቻለሁ» አልኩ።

እልልታው ከበሩ ላይ መጣ። ሮማንወርቅ ድስቷን ታቅፋ ገብታለች! «ፐብ ገባች ቢሉኝ ለወንጌል ነው እላለሁ» አለች። ድራመሩ ድስቱን ከሽታው አወቀው። አሳላፊዋም ሳትቀር ቀምሳለች። ለሹንጂ እኔ ነኝ ያጎረስኩት፤ በርበሬው አቃጥሎት ይሁን ሌላ አላውቅም፣ እንባው ወረደ። የእኔም ወረደ፤ እኔ ደግሞ ምንም አልበላሁም ነበር። በመጨረሻ የሙሽራውን ዘፈን ከመግቢያው እስከ መጨረሻው አብረን ተጫወትነው። ጥላዬ ድራሙን ከድራመራቸው ቀምቶ፣ አቶ እንግዳወርቅ «ይህ መዝሙር አይደለም» እያሉ ትከሻቸው እምቢ ብሏቸው።

ዛሬ ጠዋት ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋቸው። ኦኪታ ሳን «ሰኞ ሰኞ ቦታ ይጠብቅሃል» ብለውኛል። ብቻዬን እቀራለሁ ብዬ ስፈራ የነበርኩ ሰው አሁን ጉልበቴ ለኦሳካ ደረጃ ይበቃ እንደሆነ እያሰብኩ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀረ። እነሱ እኔን ጠየቁ፣ እኔ እነሱን ጠየቅኩ፣ አንቺን በወጉ የጠየቀሽ የለም። በወጋችን አባት እሺ ካለ በኋላ ልጁን ይጠይቃል። ልጄ ራኬብ፣ ሹንጂን ባል ይሁንሽ ብዬ ብሰጥሽ ፈቃድሽ ነው ወይ? በእጅሽ ጽፈሽ መልሺልኝ።

አባትሽ መርዕድ


ኦሳካ
ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ልጅህ ገና ልጅ ናት። እስቲ እንመካከርበት፤ ሌላ ጊዜ ጠይቀኝ።

ራኬብ

እንደገና፦ በሐምሌ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ሂትሮው በር ላይ ቆመህ ሁለተኛውን ትጠይቀኛለህ። ትኬቴን ቆርጫለሁ።